እናት አዲስ አበባ፣ ልጅ ውጭ አገር፦ በሕክምና ጉዳት ጠበቃ ለመያዝ

አዲስ አገር የገባ ሰው የመጀመሪያ ወራቱ በወረቀት ያልቃሉ። መታወቂያ፣ ባንክ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ መንጃ ፈቃድ። ከዚህ ሁሉ መሃል አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስልክ ይደወላል። እናት ኦፕራሲዮን ተደርጋ ቁስሉ አልድን ብሏል፣ ሌላ ሆስፒታል ደግሞ እንደገና መከፈት አለባት ብሏል። ዘመድ ሁሉ «ጠበቃ ያዙ እንጂ» ይላል። ጠበቃ መያዙ ባልከፋ። ግን እዚህ መሃል ከተማ፣ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ ጉዳይ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃው ገና ሳይያዝ ነው።

በመጀመሪያ ባለጉዳዩ ማን እንደሆነ ለዩ። እናታችሁ በሕይወት ካለችና አእምሮዋ ጤነኛ ከሆነ ከሳሽ እሷ ናት። እናንተ ከቶሮንቶ ወይም ከሚኒያፖሊስ የምትልኩት ውክልና ለእሷ ጉዳይ አይጠቅምም። ውክልናውን የምትሰጠው ራሷ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ማለትም ውክልና የሚመዘገብበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሄዳ ነው። ከአልጋ መነሳት ካልቻለች ሠራተኞቹ ካለችበት ድረስ የሚመጡበት አሠራር ስላለ ቤተሰብ ቀድሞ ይጠይቅ።

የተጎዳችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ ማለትም ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ ታክማችሁ ከነበረ፣ ያኔ የእናንተ ውክልና ያስፈልጋል። ባላችሁበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይዘጋጃል። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። አንዱ ማኅተም ከጎደለ የችሎት ቀጠሮ በከንቱ ያልፋል።

ደግሞ «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብላችሁ አትዘናጉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ክስ ለማቅረብ፣ ለተከሰሱበት መልስ ለመስጠት፣ ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ቁጥር 2205 ይህንን ነው የሚለው። ስለዚህ ክስ መመሥረት፣ ይግባኝ ማለት፣ መታረቅና የሕክምና ማስረጃ መውሰድ የሚሉት በግልጽ ይጻፉ። ወኪሉ ወንድማችሁ ከሆነ «ጠበቃ የመወከል» የሚለው እንዳይቀር። ገንዘብ የመቀበልን ሥልጣን ግን አስባችሁበት ስጡ። እኔ ብሆን ያንን እስከ መጨረሻው አስቀረዋለሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ጠበቃ ያለ ሕክምና ማስረጃ ምንም ማድረግ አይችልም። ቤተሰብ ወደ ሆስፒታሉ በጩኸት ሳይሆን በማመልከቻ ይሂድ። ከካርድ ክፍል የፋይሉን ኮፒ፣ ሲወጡ የተሰጠውን ማጠቃለያ፣ የላቦራቶሪና የራጅ ውጤት፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የተፈረመውን የፈቃድ ቅጽ ይጠይቅ። ማመልከቻው ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን ይኑር። ሁለተኛ ያየው ሐኪም የጻፈውም አይጣል፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። ደረሰኝም እንዲሁ። ለሕክምና የላካችሁት ብር በባንክ ከሄደ ማስረጃ አለው። በሰው እጅ ከሄደ የለውም።

ሞት ከደረሰ ነገሩ ይከብዳል። እኛ ቶሎ እንቀብራለን። ድንኳን ይጣላል፣ እድር ይመጣል፣ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ይባላል። ጥርጣሬው የሚነሳው ሳልስት ካለፈ በኋላ ነው። የአስከሬን ምርመራ ግን ከቀብር በፊት በፖሊስ በኩል የሚጠየቅ ነገር ነው። ለሐዘንተኛ ይህን መናገር ይከብዳል፤ ቢሆንም ከውጭ ሆኖ ረጋ ብሎ ማሰብ የሚችለው አንዳንዴ እናንተ ናችሁ። በሞት ጊዜ የቁሳዊ ድጋፍ ካሳ የሚጠይቁት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች ናቸው። ካሳው የሚለካው በጠፋው ድጋፍ ስለሆነ፣ ራሱን ችሎ ውጭ ከሚሠራ ልጅ ይልቅ ቤት የቀሩት ታናናሾች ጥያቄ ይጠነክራል።

ጠበቃውን በተመለከተ፣ «የጤና ሕግ» የሚል የተለየ የጥብቅና ፈቃድ የለም። ፈቃዱ የሚለየው በፍርድ ቤት ደረጃ ነው። እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ክስ ወደ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ከፍተኛው። ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ፎቶውን በቴሌግራም አስልኩና እዩ። በአዋጅ 1249/2013 የተቋቋመው የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም አባላቱን ያውቃል። ከፍርድ ቤቱ በር ላይ «እኔ እጨርስላችኋለሁ» የሚል ጉዳይ ገዳይ ፈቃድ የለውም። ሁሉንም አውቃለሁ ቢላችሁም።

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ የቀረበ ጉዳይ ይዘው ያውቃሉ?» ጠበቃው ስለ ኮሚቴው ካልሰማ ሌላ ፈልጉ። ኮሚቴው ቅሬታ ተቀብሎ ሕክምናው በሙያው ደንብ መሠረት መሰጠቱን ይመረምራል። በባለሙያው ፈቃድ ላይም እርምጃ ሊያስወስድ ይችላል። ካሳ አያስከፍልም፤ ካሳ የፍርድ ቤት ነው። ዳኛ ግን ሐኪም ስላልሆነ የባለሙያ አስተያየት ይፈልጋል፤ የኮሚቴው ውሳኔም ያኔ ትልቅ ክብደት አለው። ሐኪሙ የሚጠየቀው በሽተኛው ስላልዳነ ሳይሆን የሙያውን ደንብ ስለጣሰ ነው። ጥፋቱ የተቀጣሪ ሐኪም ወይም ነርስ ከሆነ ሆስፒታሉም ተጠያቂ ይሆናል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2651 ነው።

ስለ ብር በግልጽ እናውራ። አሜሪካ የሰማችሁትን የሚሊዮን ዶላር ወሬ እዚያው ተዉት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘንና ለመንፈስ ሥቃይ፣ የሚፈቅደው ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ቁጥር ነው፤ ዛሬ አንድ ቀጠሮ ደርሶ ለመመለስ ለታክሲ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ክሱ የሚቆመው በደረሰኝና በጠፋ ገቢ ላይ ነው። ብዙ ጠበቆች «ሳሸንፍ ትከፍሉኛላችሁ» ከማለት ይልቅ ቅድሚያ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው። ክፍያውን በደረጃ ከፋፍሉት፦ ሰነድ ሲመረመር፣ ክስ ሲከፈት፣ ፍርድ ሲሰጥ። በጽሑፍ ይሁን፣ በጠበቃው የባንክ ሒሳብ ይሁን፣ ይግባኝ በዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱም ይጻፍ። ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያ ለብቻው ነው።

ጊዜው ይሮጣል። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የካሳ ክስ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ ክሱ ውድቅ ሊሆን ይችላል፤ የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ጉዳዩ በውል ነው ወይም ወንጀል አለበት ብሎ ረዘም ያለ ጊዜ የሚከራከር ጠበቃ አለ። ያ ክርክር ለክፉ ቀን ይቀመጥ፤ እናንተ 2 ዓመቱን ያዙ።

አገር ቤት መጥታችሁ ራሳችሁ ልትከታተሉት ካሰባችሁ ደግሞ እዚህ ክረምት ሲሆን የሚውለውን የበጋ እረፍታችሁን አትጠብቁ። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 እረፍት ላይ ናቸው፤ በተረኛ ችሎት ከሚታዩ አስቸኳይ ጉዳዮች በቀር መደበኛ ቀጠሮ የለም። ትኬቱን ለጥቅምት ወይም ለኅዳር ቁረጡት።