ቁልፉ የጠፋበት ሳጥን፦ «ሕዝቡን አሳትፈናል» ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

በሰፈሬ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍሉ አጠገብ የአስተያየት ሳጥን ተሰቅሏል። አንድ ቀን ወረፋ ስጠብቅ ጥበቃውን «አባባ፣ ይሄ መቼ ነው የሚከፈተው?» አልኳቸው። «ቁልፉ የድሮው ኃላፊ ጋ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ተዛውረዋል» አሉኝ። ተሳሳቅን። ግን እንዲህ ያለ ሳጥን ባይኖር ይሻላል። ጽፎ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይጽፍም። ፊደል ያልቆጠረችው እናትስ ምን አድርጋ ትጻፍ? ሳጥን ከሰቀላችሁ የሚከፈትበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉበት። ሲከፈትም ከተገልጋዩ አንድ ሰው ቆሞ ይይ።

ያንኑ ሰው ደጋግሞ መጥራት

ስብሰባ ሲባል የሚመጡት የታወቁ ናቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሁለት ሦስት የአገር ሽማግሌዎች፣ የሴቶች ተወካይ። ክብራቸው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ባለፈው ወር ምጥ ይዟት በቃሬዛ የመጣችው ሴት ከእነሱ መካከል የለችም። የቲቢ መድኃኒት ለ6 ወር የሚውጠው የቀን ሠራተኛም እዚያ የለም። ስብሰባው በገበያ ቀን ወይም በአጨዳ ሰሞን ከሆነማ ተዉት። ሰዉ ወዳለበት መሄድ ይቀላል፦ ዕድር፣ ጽዋ ማኅበር፣ መስጊድ ደጅ፣ የክትባት ቀን። ሴቶችን ለብቻቸው ማነጋገርም አይርሱ፤ ባል ፊት የማይነገር ብዙ ነገር አለ።

ወስኖ መጠየቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2005 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገራችን በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናት ከ100 ወደ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2019 እ.ኤ.አ. 48 ደርሰዋል። ለዚህ መንገዱም፣ አምቡላንሱም፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አስተዋጽኦ አላቸው። እኔ ግን ገንፎውን አልረሳም።

ቤት የምትወልድ እናት «ግንዛቤ የላትም» ተብላ ትታለፍ ነበር። ቁጭ ብሎ ለጠየቃት ግን መልሷ ሌላ ነው። ወንድ ፊት በጀርባዬ መተኛት ያሳፍረኛል። እናቴ በር ላይ ትቀራለች። ገንፎ የለ፣ ቡና የለ፣ «ማርያም ማርያም» የሚልልኝ የለ። ይህን የሰሙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ የሚገነፋበት፣ ቡና የሚፈላበት ቦታ አዘጋጁ። ከሩቅ ለሚመጡት የመውለጃቸውን ቀን የሚጠብቁበት የእናቶች ማቆያ ተሠራ፤ ብዙ ቦታ እህሉንና ቅቤውን የሚያዋጣው ራሱ ነዋሪው ነው። ማብሰያ የሌለው፣ ትንሽ ልጅ ይዞ መግባት የሚከለክል ማቆያ ግን ባዶውን ይቀመጣል። ግንባታው ካለቀ በኋላ «እንዴት ነው፣ ወደዳችሁት?» ቢባል ምን ዋጋ አለው?

መድረኩን ችሎት ማድረግ

ባለሙያዎች «ኮሚዩኒቲ ስኮር ካርድ» የሚሉት አሠራር በ2002 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ ተጀመረ፤ ዛሬ እኛም ጋ አለ። ነዋሪው ስለ አክብሮት፣ ስለ ወረፋ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ አምቡላንስ፣ ስለ ንጽህና ነጥብ ይሰጣል። ጣጣው ነጥቡ ሲነበብ ይመጣል። ነርሷ ተከሳሽ ሆና ቁጭ ትላለች። መድኃኒት ያለቀው ግን በእሷ ጥፋት አይደለም። አሠራሩ እንዲህ አይልም፤ ባለሙያውም ለራሱ ነጥብ ይሰጣል፣ ከዚያ ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተቀምጠው ዕቅድ ያወጣሉ። «ይሄን እኛው እንችላለን፣ ይሄ የወረዳው ነው» ብሎ መለየት ብዙ ጠብ ያስቀራል። ተቃራኒውም አለ። ነጥቡ እንዳይወርድ ኃላፊው ቀድሞ ሰዎችን ያስጠናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሰምቶ ዝም ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2011 እ.ኤ.አ. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ቃሉ «ክፈሉ፣ ስትታመሙ ትታከማላችሁ» ነበር። መዋጮውን ከፍሎ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» የተባለ ሰው ቅሬታውን ተናግሮ መልስ ካጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። ይሄም አስተያየት ነው፣ ያውም በገንዘብ የተጻፈ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ያገሬ ሰው። ስለዚህ ያልተሠራውንም ጭምር ንገሩ። «የመጸዳጃ ቤቱ በር ተጠግኗል። የላቦራቶሪው ማሽን ግን ገና ነው፣ ወረዳውን ጠይቀናል።» ይህችን በር ላይ መለጠፍ፣ በዕድር ማስነገር በጀት አይጠይቅም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በእነዚህ ስብሰባዎች ለባለሙያው አበል አለ፤ የቀን ሥራዋን ትታ ለመጣችው ሴት ግን አንድ ለስላሳ። ቢያንስ የባጃጇን ስጧት።