«መድኃኒቴ ይቀየርልኝ» ከማለትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኤች አይ ቪ መድኃኒት ቀጠሮዬ ቀን ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ይሄ አዲሱ ኪኒን አልተስማማኝም። የድሮዬን መልሱልኝ ልላቸው ነው» አሉኝ። እንቅልፍ አጥተዋል። ስንት ሰዓት እንደሚውጡት ጠየቅኳቸው። «ማታ ሦስት ሰዓት ነዋ፤ እንደ ድሮው!»

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ የሰዓቱን ጥፋት በመድኃኒቱ ማላከክ። ኢፋቪረንዝ ያለበት የድሮው ኪኒን ስለሚያዞር ማታ ሲተኙ ነበር የሚወሰደው። አሁን የምንወስደው ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር ግን አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ይነሳል። ብዙ ጊዜ ወደ ጠዋት ማዛወር ይበቃል። ሲስተሯም ይህንኑ ነገረቻቸው። ከሦስት ወር በኋላ ስንገናኝ ስለ ኪኒኑ አላነሱም፤ ወሬያቸው ሁሉ የልጃቸው ሠርግ ነበር።

ሁለተኛው፣ በስሜት መፍረድ ነው። «ደህና ነኝ» ማለት መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት አይደለም፤ «ደከመኝ» ማለትም አልሠራም ማለት አይደለም። የሚናገረው ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ ብዛት ነው። «ውጤትዎ ጥሩ ነው» ሲባሉ ዝም ብለው አይውጡ፤ ቁጥሩን ይጠይቁ። ከ50 ኮፒ በታች ከሆነ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው። ከ1000 በላይ ቢወጣም ወዲያው አይቀየርም። መጀመሪያ ስለ አወሳሰድዎ ይጠየቃሉ፣ ምክር ይሰጥዎታል፣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ እንደገና ይመረመራሉ። እዚህ ላይ አይዋሹ። እኔ ዋሽቻለሁ። ለለቅሶ አገር ቤት ሄጄ፣ ዘመድ እንዳያይብኝ ብዬ አራት ቀን ዘለልኩ፤ ስጠየቅ «አንድም ቀን!» አልኩ። እንዲህ ያለው ውሸት የሚሠራ መድኃኒት ሊያስቀይር ይችላል። ጠርሙሱ ቦርሳ ውስጥ እየተንኳኳ ካሳጣዎት ጥጥ ጠቅጠቅ ያድርጉበት፤ እኔ ከዚያ ወዲህ መላው እሱ ሆኖልኛል።

ሌላ የሚወስዱትን መደበቅ ወይም መርሳትም አለ። የጨጓራ ማስታገሻ፣ የደም ማነስ አይረን፣ ካልሲየም፤ እነዚህ ዶሉቴግራቪር ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ኪኒኑን ከነሱ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት አዘግይቶ መውሰድ ነው። ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው መጠኑ መታየት አለበት። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የጀመረ ደግሞ ዶሉቴግራቪሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይደረግለታል። ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ማንም አይስቅብዎትም።

አራተኛው የሰው መድኃኒት መመኘት ነው። «አሜሪካ ያለችው እህቴ በሁለት ወር አንዴ ተወግታ ትረሳዋለች» የሚል ሰው አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን የተባሉት መርፌዎች እዚያ በ2021 እ.ኤ.አ. ተፈቅደዋል። ግን ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ብቻቸውን አይበቁም። ኪኒናችን ውስጥ ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የጉበቱንም ቫይረስ ይዘውልናል፤ መርፌዎቹ አይዙትም። ድንገት ሲለቀቅ ጉበት ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ ቅያሬ ከማንሳትዎ በፊት የሄፓታይተስ ምርመራ ማድረግዎን ያረጋግጡ።

የመጨረሻው፣ ሌላ ሳይተካ ማቆም። ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ጠበል ለሚገቡ ወገኖቼ ደግሞ፦ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ በግልጽ ተናግረዋል። ክብደት መጨመር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት ካስቸገረዎት ኪኒኑን እየወሰዱ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ሄደው ያማክሩ። ሽፍታ ከትኩሳት ጋር ከወጣብዎ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ግን የዚያኑ ዕለት ይሂዱ፤ ጠርሙሱን ይዘው።