ጎርፍ የዋጠው መኪና፦ መድን ድርጅቱ ለምን ይጥለዋል? መለዋወጫውንስ ለምን ይሸጠዋል?

መኪናዎ ከጎርፍ ወጥቶ፣ ታጥቦና ደርቆ፣ አልፎ ተርፎም ሞተሩ ተነስቶ ሳለ መድን ድርጅቱ ‹‹ሙሉ ውድመት›› (ማለትም ‹‹ከመጠገን ይልቅ የመኪናውን ዋጋ ከፍዬ መኪናውን እወስዳለሁ››) ብሎ ሲወስን ደም ያፈላል። ብዙ ባለንብረቶች በዚህ ጊዜ ጉልበታቸውን የሚጨርሱት ‹‹ይጠገንልኝ›› በሚል ሙግት ነው። እኔ አጥብቄ የምመክረው ሙግቱ ዋጋው ላይ እንዲሆን ነው። ውሃ የገባበት መኪና ዋናው ሕመሙ የሚገለጠው ዘግይቶ ነውና።

ምልክት፦ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ አንድ ጊዜ ‹‹ጓ›› ብሎ ይነክሳል

መንስኤ፦ ውሃ በአየር ማስገቢያው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል። አየር ይታመቃል፤ ውሃ አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲገፋ ውሃው መሄጃ ስለሚያጣ ቢየላው (ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ) ይታጠፋል፤ ሲብስም ተሰብሮ የሞተሩን ብሎክ ይበሳል። ጎርፉ የማረውን ሞተር ቁልፉ ገደለው ማለት ነው።

መፍትሄ፦ መኪናውን ለማስነሳት አይሞክሩ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱና የአየር ማጣሪያውን ከፍተው ይዳስሱ። ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይምዘዙ፤ ዘይቱ ወተት እንደገባበት ቡና ከነጣ ውሃ ተቀላቅሎበታል። ማጣሪያው እርጥብ ከሆነ መካኒክ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ሞተሩን በእጅ በማዞር ውሃውን ማስወጣት አለበት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ውሃው በሩና መቀመጫው ላይ የተወውን የጭቃ መስመር ፎቶ አንሱት፤ ገማቹ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ነው።

ምልክት፦ መኪናው ደህና ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ መስኮቱ በራሱ ይወርዳል፣ የኤርባግ መብራት በርቶ ይቀራል፣ አንዳንድ ጠዋት አይነሳም

መንስኤ፦ መድን ድርጅቶች ከሁሉም በላይ የሚፈሩት ይህንን ነው። በዛሬ መኪና ውስጥ በርካታ የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች አሉ፤ አንዳንዶቹም የተቀመጡት ውሃ ቀድሞ በሚደርስበት፣ ከመቀመጫና ከምንጣፍ ሥር ነው። የሽቦው ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ደግሞ የፋኖስ ክር ላምባ እንደሚስብ ሁሉ ውሃውን በፕላስቲክ ሽፋናቸው ውስጥ ስበው ጎርፉ ወዳልነካው ቦታ ያደርሱታል። ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ያለውን ቢጫ ሶኬት ነቅላችሁ ብታዩ፣ ከውጭ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ከውስጥ ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮ ታገኛላችሁ። ያ ዱቄት የመዳቡ ዝገት ነው። ኤሌክትሪክ በሶኬቱ ውስጥ ባለፈ ቁጥር ዝገቱ ይፋጠናል። ውሃው የባሕር ውሃ ከሆነ ጨው ስላለበት ጥፋቱ እጅግ ይፈጥናል።

መፍትሄ፦ ፀሐይና የፀጉር ማድረቂያ መድኃኒት አይሆኑም። ትክክለኛው ጥገና ዳሽቦርዱን፣ መቀመጫዎቹንና ምንጣፉን አውጥቶ የሽቦውን መረብና የረጠቡትን ኮምፒውተሮች በሙሉ መቀየር ነው። ለሥራው የሚከፈለው ብቻውን ከባድ ነው፤ ያም ተደርጎ ጋራዡ ‹‹ከእንግዲህ ችግር የለም›› ብሎ መፈረም አይችልም። ኤርባግ በአደጋ ጊዜ መነፋቱን ማንም ማረጋገጥ በማይችልበት መኪና ሰው አሳፍሮ መሄድ ደግሞ ከገንዘብ በላይ የሆነ ጉዳይ ነው።

ምልክት፦ ‹‹የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ያንሳል፤ ታዲያ ለምን ተጣለ?››

መንስኤ፦ ስሌቱ ሦስት ቁጥሮች አሉት። መኪናው ከጎርፉ በፊት 100 ያወጣ ነበር እንበል። ጥገናው 68 ይፈጃል፤ ቅሪቱ (የተጎዳው መኪና) እንዳለ ቢሸጥ 35 ያወጣል። ድርጅቱ ቢጠግን 68 ያወጣል፤ 100 ከፍሎ ቅሪቱን ቢሸጥ ግን የሚጎድልበት 65 ብቻ ነው። የተደበቀ ጉዳት እየተገኘ 68ቱ እንደሚያድግም ያውቃል። የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ስንት በመቶ ሲደርስ መኪናው እንደሚጣል በሕግ የተወሰነባቸው ቦታዎችም አሉ፤ በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ልኩ 80 በመቶ ሲሆን በቴክሳስ 100 በመቶ ነው።

መፍትሄ፦ 100 የተባለውን ቁጥር ይሟገቱ። የጥገና ደረሰኞችን፣ የተጓዘበትን ኪሎ ሜትር፣ የተመሳሳይ መኪኖችን የሽያጭ ዋጋ በጽሑፍ ያቅርቡ። ቅሪቱን ራስዎ ማስቀረት ከፈለጉ ከካሳው ስንት እንደሚቀነስና ሰነዱ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አስቀድመው ይጠይቁ።

ምልክት፦ ‹‹ከጥቅም ውጪ›› የተባለው መኪና በሮች ገበያ ላይ ይሸጣሉ

መንስኤ፦ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል። ውሃ ሁሉን እኩል አይጎዳም። በር፣ መስታወት፣ የሞተር ክዳን፣ ቸርኬ፣ ውሃው ያልደረሰበት መብራት ሁሉ ጤነኛ ናቸው። የጭስ ማጣሪያው በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ብረቶች ስላሉ ይፈለጋል። በብሪታንያ ከጥቅምት 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት ምደባ ይህንኑ ይለያል፦ ‹‹ኤ›› የተባለው መኪና ከነመለዋወጫው ይደመሰሳል፤ ‹‹ቢ›› የተባለው ደግሞ መለዋወጫው ተወስዶ አካሉ ይጨፈለቃል።

መፍትሄ፦ ብረቱንና መስታወቱን ያለ ስጋት ይግዙ። ኤርባግ፣ የደህንነት ቀበቶ፣ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ክፍል፣ ኮምፒውተርና ሽቦ ግን በነጻ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ። አውቶማቲክ ካምቢዮም እንዲሁ፤ የፍሪሲዮኑ ልባስ የተጣበቀው በሙጫ ነው፣ ውሃ ያላቅቀዋል።

ምልክት፦ የኤሌክትሪክ መኪና ከጎርፍ በኋላ ያፏጫል፣ ይጨሳል ወይም እንግዳ ሽታ አለው

መንስኤ፦ በተለይ የባሕር ውሃ ባትሪው ውስጥ ከገባ አጭር ዑደት ይፈጥራል፤ እሳቱ ከቀናት በኋላ ሊነሳ ይችላል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ የታየው ይኸው ነው።

መፍትሄ፦ ከቤትና ከሌሎች መኪኖች ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ። ቻርጅ አያድርጉት፤ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማ ገመዶች አይንኩ፤ እሳት አደጋ ይጥሩ።

ምልክት፦ ሊገዙት ያሰቡት መኪና ሽቶ ሽቶ ይላል፤ ምንጣፉም አዲስ ነው

መንስኤ፦ የተጣለ መኪና ታድሶ፣ ታሪኩ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

መፍትሄ፦ የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ይሳቡት። የሚያጥበው ሰው የሚደርሰው ከውጭ ያለውን ጨርቅ ብቻ ነው፤ ተጠቅልሎ የኖረው ጫፍ ላይ የጭቃ መስመር ወይም የሻጋታ ነጠብጣብ ካዩ ቁልፉን ለሻጩ መልሱለት። ቀበቶው ንጹሕ ከሆነም የትርፍ ጎማውን ማስቀመጫ ይክፈቱ፣ የመቀመጫውን ብሎኖች በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ከዚያም በአሥራ ሰባቱ ፊደላትና ቁጥሮች የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥር ወስደው የመኪናውን ታሪክ ያስፈትሹ።