መርዙ ለአይጥ፣ ሞቱ ለጉጉት፦ በአዳኝ አዕዋፍ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ንስር፣ ጭልፊት፣ ጉጉትና ጥንብ አንሳ ከምግብ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ስለሆኑ የሚበግራቸው ያለ አይመስልም። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የሣሩ ኃይል ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ እባብ፣ ከእባብ ወደ ንስር ሲሸጋገር በየደረጃው የሚያልፈው በግምት አንድ አስረኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ጫፍ ላይ የሚኖሩት ምንጊዜም ጥቂት ናቸው፤ የሚተኩትም ቀስ ብለው ነው። ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች በአንድ ወቅት የሚጥሉት አንድ እንቁላል ነው። ብዙ መርዞች ደግሞ እንደ ኃይሉ እየሳሱ አይሄዱም፤ ከበይ ወደ በይ እየተጠራቀሙ ይወጣሉ።

የአይጥ መርዝ በትኖ መርሳት። እንደ ብሮዲፋኩም ያሉት ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መርዞች አይጧን ወዲያው አይገድሏትም፤ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይወስዳሉ። በዚህ መሀል አይጧ መብላቷን ትቀጥላለች፣ ቀስ በቀስ ትፈዛለች፣ በጠራራ ፀሐይ ትወጣለች። ለጭልፊት ከዚህ የቀለለ አደን የለም። መርዙ ጉበት ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ የመጀመሪያዋን አይጥ በልታ የተረፈች ጉጉት በኋለኞቹ ልትሞት ትችላለች። ወጥመድ ይቅደም። መርዝ የግድ ከሆነ አይጥ ብቻ በሚያስገባ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት፤ የሞቱትን በየጠዋቱ በጓንት ለቅመው ይቅበሩ፤ የተረፈውን ማባበያ ይሰብስቡ። በጣሪያ ሥር የምታድር ጉጉት በአንድ ሌሊት ሦስት አራት አይጥ ትበላለች። “ሟርተኛ ናት” ተብላ በድንጋይ ስትባረር የሚደሰተው አይጡ ነው።

በመርዝ የሞተ ውሻ ወይም ጅብ ሜዳ ላይ መጣል። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ጥንብ አንሳ ብቻውን አይበላም፤ አንዱ ሲወርድ ሌሎቹ ከሩቅ አይተው ይከተሉታል። ስትሪክኒን በተባለው መርዝ የሞተ አንድ እንስሳ መንጋውን በአንድ ቀን ሊጨርስ ይችላል። በየቄራው አጥር ላይ የምናየው ትንሹ፣ ፊቱ ሮዝ የሆነው ጥንብ አንሳ እንኳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። በድኑ ይቃጠል፣ ወይም በጥልቀት ተቀብሮ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ይጫንበት።

ለከብት ዲክሎፌናክ መውጋት። ሕንድ ውስጥ ሦስት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ያለቁት በዚህ የሕመም ማስታገሻ ነው። መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሞተ ከብት ሥጋ የወፏን ኩላሊት ያቆማል። መንስኤው የታወቀው በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሕንድ በ2006 እ.ኤ.አ. ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል አገደችው። ሜሎክሲካም ለወፎቹ ጉዳት የሌለው ምትክ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙን ይጠይቁ።

“በሽታ ያሰራጫል” ብሎ ማባረር። የጥንብ አንሳ የጨጓራ አሲድ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ብዙ ጀርሞችን ይገድላል። እሱ ሲጠፋ በድኑን የሚወርሱት ውሾች ናቸው፤ ውሻ ሲበዛ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ይከተላል። አንድ ነገር ግን ይለይ፦ በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ከብት ለማንም አውሬና ወፍ አይተውም። ሳይገፈፍና ሳይቀደድ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር፣ ከዚያ ይቃጠል ወይም ይቀበር።

ጥምዝ መንቁር ያለውን ሁሉ ሌባ ማድረግ። የጥንብ አንሳ እግር ለመራመድ እንጂ ለመንጠቅ አልተሠራም፤ ጥፍሩ ደካማ ስለሆነ ግልገል ይዞ አይበርም። ደጋ ላይ ምሰሶ ጫፍ ተቀምጦ መሬት መሬቱን የሚያየው ጅራተ ቀዩ ወፍም በአብዛኛው የሚጠብቀው አይጥ ነው። ጫጩት የሚነጥቅ ጭልፊት በእርግጥ አለ። ሲመጣም በቀን ስለሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጫጩቶቹ ላባ አውጥተው እስኪጠነክሩ፣ እስከ ሁለት ወር ገደማ፣ ከላይ መረብ ወይም ቅርንጫፍ በተጋደመበት አጥር ውስጥ ይዋሉ። ግቢው ውስጥ ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ቢኖር እናቲቱ ስትጮህ የሚሸሸጉበት ያገኛሉ።