የወንዝ ትላትል ቆጠራ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከእንጦጦ ከሚወርዱት ጅረቶች አንዱ ዳር ቁጭ በሉና ዳቦ የሚያህል ድንጋይ ከውሃው አውጡ። ገልብጡት። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ባዶ ድንጋይ ነው። ትንሽ ታገሡ። ልጥፍ ያለች፣ ክር የመሰለ ሦስት ጭራ ያላት ቡናማ ፍጥረት ብርሃኑን ሸሽታ ወደ ሌላኛው ጎን እልም ትላለች። ኤፌሜሮፕቴራ ከሚባለው ወገን ናት። ንጹህ ውሃ ትወዳለች። አሁን ውሃውን ተከትላችሁ ወደ ከተማው ውረዱ። አቃቂ ላይ ያንኑ ብታደርጉ የምታገኙት ቀይ ትል ነው፤ እሱም ከተገኘ።

የወንዝን ጤና በነዚህ አከርካሪ አልባ እንስሳት መለካት ደስ የሚል ዘዴ ነው። ወጪው ትንሽ ነው። የኬሚካል ምርመራ የሚያሳየው የዛሬዋን ውሃ ነው፤ ትሏ ግን ለሳምንታትና ለወራት እዚያው ኖራለች። ትናንት ሌሊት ተደብቆ የተለቀቀ ቆሻሻ ዛሬ ጠዋት ውሃው ላይ ላይታይ ይችላል፣ እሷ ላይ ግን ይታያል።

ችግሩ ሥራው ቀላል ይመስላል። መረብ፣ ነጭ ሳፋ፣ ወረንጦ፣ አልኮል፣ በቃ። ለዓመታት ከተማሪዎች ጋር ወንዝ ስገባ የታዘብኩት ግን አብዛኛው ስህተት የሚሠራው ማይክሮስኮፕ ስር እንዳልሆነ ነው። የሚሠራው ወንዙ ዳር ነው። "እዚህ ወንዝ 12 ቤተሰብ (የተዛመዱ ዝርያዎች ስብስብ)፣ እዚያኛው 25 አገኘን" እንላለን። ልዩነቱ የወንዞቹ ሳይሆን የእኛው የአሠራር ልዩነት ሆኖ ሲገኝ ያሳፍራል።

መኪናው በቆመበት መውረድ

የመጀመሪያው ስህተት የሚጀምረው ከመኪና ሳይወረድ ነው። መንገዱ ወንዙን የሚያቋርጠው ድልድይ ላይ ነው፤ ሾፌሩም እዚያው ያቆማል፤ እኛም እዚያው እንወርዳለን። ድልድይ አጠገብ ደግሞ ልብስ ይታጠባል፣ ከብት ይጠጣል፣ መኪና ይታጠባል፣ ድንጋዩም ለግንባታ ተለቅሟል። ከዚያ የተወሰደ ናሙና ስለ ድልድዩ እንጂ ስለ ወንዙ ብዙ አይናገርም።

ልብስ ማጠቢያ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ያዩት ይህንኑ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። ከዚያ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመግደል ምርምር ተወለደ። እኛ እንደሳቸው ብልህ ካልሆንን ግን እዚያው ቦታ ቆመን "ይህ ወንዝ ቀንድ አውጣ የለውም" ብለን ጽፈን እንመለሳለን። ቢያንስ 200 ሜትር ያህል ወደ ላይ በእግር መሄድ አይገድልም።

አንድ ዓይነት መኖሪያ ብቻ መፈተሽ

ተማሪ ድንጋይ ይወዳል። ድንጋይ መገልበጥ ፈጣን ነው፤ የሚሮጥ ነገርም ይታያል። ወንዝ ግን አንድ ቤት አይደለም፤ ብዙ ክፍል ያለው ግቢ ነው። ውሃው በሚንኮራኮርበት ድንጋይ ላይ የሚኖሩት ሌሎች ናቸው፣ ዳር ላይ በተንጠለጠለ ሥርና ሣር ውስጥ የሚደበቁት ሌሎች፣ የበሰበሰ ቅጠል ክምር ውስጥ ያሉት ሌሎች፣ አሸዋና ደለል ውስጥ የተቀበሩትም ሌሎች። ድንጋዩን ብቻ ያየ ሰው ዳር ዳሩን የሚይዙትን ብዙዎቹን የውሃ ተርብ እጮች ያጣቸዋል።

ጥሩው ልማድ ይህ ነው። መጀመሪያ 100 ሜትር ያህል ተራመዱና ምን ምን መኖሪያ እንዳለ በዓይን ገምቱ። ከዚያ 20 ጊዜ ውሰዱ ብትባሉ፣ ግማሹ ወንዝ ድንጋይ ከሆነ 10ሩን ከድንጋይ፣ ሩቡ አሸዋ ከሆነ 5ቱን ከአሸዋ፣ ቀሪውን ከዳርና ከቅጠል። የመረቡ አፍ ወደ ውሃው መምጫ ይዙር፤ እናንተ ከመረቡ በላይ ቆማችሁ መሬቱን በእግር አምሱት፣ ውሃው ራሱ ያመጣላችኋል። የመረቡ ቀዳዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሁን። አንድ ቡድን በወንፊት፣ ሌላው በዓሣ መረብ ከሰበሰበ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከንቱ ነው።

የሐምሌን ወንዝ ከጥር ወንዝ ጋር ማወዳደር

በክረምት ደራሽ ውሃ አልጋውን ጠርጎ ይሄዳል። ድንጋይ ከነነዋሪው ይንከባለላል። በነሐሴ የተወሰደ ናሙና ባዶ ቢሆን የሚገርም አይደለም፤ ወንዙ ታጥቧል እንጂ አልተመረዘም። በበጋ መጨረሻ ደግሞ ውሃው ይቀንስና ጥቂት ኩሬ ውስጥ ሁሉም ይታጨቃል፤ ቁጥሩ ሳይገባው ያብጣል። ወንዞችን የምታወዳድሩ ከሆነ በአንድ ወቅት ሂዱ። ትልቅ ጎርፍ ካለፈ ደግሞ ጥቂት ሳምንት ስጡት።

ከፍታን መርሳት

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ለእኛ አገር ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። አዋሽ ከ2,500 ሜትር በላይ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጓዝና ከ300 ሜትር በታች አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። አንዱ ወንዝ ውስጥ ብርድም ሙቀትም አለ። ባሌ ውስጥ የሳነቴ ጅረቶች ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው። የሳነቴን ትል ከመተሐራ ትል ጋር አስቀምጦ "የቱ ንጹህ ነው?" ማለት የጭሮን ብርቱካን ከደብረ ብርሃን ገብስ ጋር ማወዳደር ነው። ደጋው ዝርያው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሌላ ቦታ የማይገኝ ይዞ ሊሆን ይችላል።

የኦክስጅን መለኪያም እዚህ ያሳስታል። አንድ ተማሪዬ 2,500 ሜትር ላይ ካለች ጅረት 7.2 ሚሊ ግራም በሊትር አንብቦ "ኦክስጅኗ አንሷል፣ ተበክላለች" አለ። መጽሐፉ በ15 ዲግሪ ሙቀት ሙሉው 10 እንደሆነ ይላል። ልክ ነው፣ ግን ለባሕር ጠለል ነው። 2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ውሃው ጠግቦ የሚይዘው ራሱ ከ7.5 ብዙም አይዘልም። ጅረቷ ጠግባለች ማለት ነው። በሚሊ ግራም ብቻ ሳይሆን፣ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃው ጠግቦ ከሚይዘው በመቶኛ አንብቡ፤ መሣሪያውንም ለከፍታው አስተካክሉ።

የሌላ አገር ነጥብ መዋስ

እያንዳንዱ ቤተሰብ ብክለትን በማይችልበት መጠን ከፍ ያለ ነጥብ የሚያገኝበት፣ እንግሊዝ የተሠራ የነጥብ ሠንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ይገኛል። ብዙዎች አውርደው ይጠቀማሉ። ከከፍተኛ ነጥብ ተቀባዮቹ መካከል ብዙዎቹ የፕሌኮፕቴራ፣ ማለትም እጮቻቸው በንጹህ ወራጅ ውሃ የሚያድጉ ነፍሳት፣ ቤተሰቦች ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ከ30 በላይ ዝርያ አላቸው። በሞቃታማው አፍሪካ ግን ከዚህ ወገን በተግባር የምታገኙት ኒዮፐርላ የምትባለውን ነው። እንግዲህ በንጹህ ጅረት ላይ እንኳ ነጥቡ ዝቅ ቢል ጥፋቱ የማን ነው? የጅረቷ አይደለም።

ሳስ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የነጥብ ሠንጠረዥ ለእኛ ይቀርባል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ላይ ተጠንቶ የተሠራው ኢትባዮስ ደግሞ የበለጠ። መለያ መጽሐፍም እንደዚያው፤ የአውሮፓ መለያ ይዞ አዋሽ መግባት እዚህ የሌለ ስም ሰጥቶ መመለስ ነው።

ኒዮፐርላን ካነሣን፣ ጭራ በመቁጠር ብቻ መለየትም ያታልላል። "ሦስት ጭራ ኤፌሜሮፕቴራ፣ ሁለት ጭራ ፕሌኮፕቴራ" ተብሎ ይሸመደዳል። ግን ሁለት ጭራ ብቻ ያላቸው ኤፌሜሮፕቴራዎች አሉ፤ ጭራም በወረንጦ ሲያዝ ይሰበራል። እግሯን እዩ። ጫፉ ላይ አንድ ጥፍር ካለ ኤፌሜሮፕቴራ ናት፤ ሁለት ጥፍር ከሆነ ፕሌኮፕቴራ። በአጉሊ መነጽር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀይ ትል ሁሉ መርዶ ነው ማለት

ኪሮኖሚዴ የሚባሉት የማይናደፉ ትንኝ መሰል ነፍሳት እጮች አንዳንዶቹ ቀይ ናቸው፤ እንደ እኛ ሂሞግሎቢን አላቸውና። ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ በዚያ ይተነፍሳሉ። ስለዚህ በብዛት ከሌሎች ተለይተው ከተገኙ እውነትም ውሃው ታሟል። ግን ይህ ቤተሰብ እጅግ ሰፊ ነው፤ በበረዷማ ንጹህ ጅረት የሚኖሩም አሉ፣ ነጫጭና አረንጓዴም አሉ። ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከትቶ "ቆሻሻ ወዳድ" ማለት ስም ማጥፋት ነው። ቢያንስ ቀዩን ከሌላው ለይታችሁ ቁጠሩ።

ትንሽ ቁጥርን ሁሉ ብክለት ማድረግ

አቢጃታና ሻላ ሶዳ የበዛባቸው ሐይቆች ናቸው። እዚያ የሚኖሩት ጥቂት ዓይነት ናቸው፤ ተፈጥሮው ነው። ዝዋይ ደግሞ አጠገባቸው ሆኖ ጨዋማ ስላልሆነ ብዙ ይዟል። ከዚህ ተነሥቶ አቢጃታ ተበላሽቷል ማለት አይቻልም። (አቢጃታ ሌላ ችግር አለበት፤ ውሃው እየቀነሰ ነው። ያ ግን ሌላ ወሬ ነው።)

ሌላው ደግሞ ነፍሳትን ብቻ መፈለግ ነው። ጣና ውስጥ ማኬዲያ ታነንሲስ የሚባል ስፖንጅ አለ፤ ከዚያ ሐይቅ ውጭ አይታወቅም። አይሮጥም፣ አይዋኝም፤ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ቅርፊት ይመስላል። በመረብ አይገባም። ስፖንጅ እንስሳ መሆኑን ያልጠረጠረ ሰው አልፎት ይሄዳል።

ወረንጦ ትልቁን ይወዳል

ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ የሚያዘው የሚንቀሳቀሰው፣ ትልቁና ቆንጆው ነው። ቀጭን ትሎች ከደለሉ ጋር ይደፋሉ። መፍትሔው ሳፋውን በካሬ ከፍሎ፣ በዕጣ የደረሰውን ካሬ እስከ መጨረሻዋ ትል መልቀም ነው። ሲቆጠርም አንድ ወንዝ ላይ 100፣ ሌላው ላይ 400 ከሆነ፣ 400 ያለበት ብዙ ዓይነት ማሳየቱ አይቀርም። እኩል ቁጥር ላይ አቁሙ።

እስክሪብቶና አልኮል

ይህን የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ነው። አንድ የመስክ ጉዞ 14 ብልቃጥ ይዤ ተመለስኩ። በወረቀት ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቦታና ቀን ጽፌ እያንዳንዱ ውስጥ ከትቻለሁ። ከሳምንት በኋላ ስከፍታቸው ወረቀቱ ነጭ፣ አልኮሉ ሰማያዊ። የትኛው ጅረት የትኛው እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ። እርሳስ ነው የማይለቀው፤ ወረቀቱም ውስጥ ይግባ፤ ውጭ የተለጠፈው ይላጣል።

አልኮሉንም አትጨናንቁት። ብልቃጡን በትልና በቅጠል ሞልታችሁ ጥቂት አልኮል ብታፈሱበት ከሰውነታቸው የሚወጣው ውሃ ያቀጥነውና ይሸታል። በማግሥቱ ቀይሩት። ለዘረመል ምርመራ ከሆነ ደግሞ 96 በመቶ ይሁን።

በባዶ እግር መግባት

ቢልሃርዚያ የሚገባው በመጠጣት ብቻ ይመስለናል፤ በቆዳ ነው የሚገባው። አስተላላፊዋ ቀንድ አውጣ ባዮምፋላሪያ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ሆና የተጠቀለለች ናት፤ ዝግ ባለ ውሃ ዳር ሣር ላይ ትኖራለች። ተባዩ ከቀንድ አውጣዋ በብዛት የሚለቀቀው ፀሐይ ሲበረታ፣ ወደ እኩለ ቀን ነው። ቦቲና ረጅም ጓንት አድርጉ፤ በጠዋት ግቡ። አልቅትም ቢሆን ከብት የሚጠጣበት ጥግ አይጠፋም፤ ውሃውን በአፋችሁ አትቅመሱት።

ሸርጣኑን ሳያዩ መልቀቅ

ሸርጣን ሲያዝ ተማሪው ይጮኻል፣ ይስቃል፣ "አንድ ሸርጣን" ተብሎ ይጻፍና ወደ ውሃው ይለቀቃል። ቆዩ። ደቡብ ምዕራብ ውስጥ ከሆናችሁ ገልብጣችሁ የእግሩን መጋጠሚያና ሆዱን እዩ። ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው የኦንኮሰርካይሲስ በሽታ አስተላላፊ ከሆኑት ጥቁር ዝንቦች አንዷ፣ ሲሙሊየም ኢትዮፒየንሴ፣ እጮቿ የሚያድጉት ሸርጣን አካል ላይ ተጣብቀው ነው። ድንጋይ ላይ ስትፈልጓት አታገኟትም። አንዴ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስንገለብጥ ውለን "የለችም" ብለን ልንጽፍ ስንል አንዲት ተማሪ ሸርጣኑን በሁለት ጣት ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችው። እግሩ ሥር ሰባት ነበሩ።