ውሻ ይዞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለመኖር

ደሴ፣ የምኖርበት ብሎክ ደረጃ ላይ አንድ ማለዳ «ውሻ ያላችሁ በ10 ቀን ውስጥ እንድታስወጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በሕንፃው ውሻ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ የቀራቸው ስሜን መጻፍ ነበር።

እንደ እኔ ወረቀቱን ቀድዳችሁ የኮሚቴውን ሰብሳቢ በር አታንኳኩ። ያ ንዴት የሦስት ሳምንት ሰላምታ አሳጥቶኛል። ይልቅ ፎቶ አንሱት፤ ቀጥሎ የሕንፃውን የቤት ባለቤቶች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ጠይቁ። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ቤቱን የገዛ ሰው የማኅበሩ አባል ነው፤ ስለዚህ የራሳችሁን ደንብ ለማየት ደጅ አትጠኑም። የእኛ ደንብ በአራተኛው ቀን ከጸሐፊው ቡፌ ውስጥ ወጣ። ስለ እንስሳ ያለው አንድ መስመር ነው፤ «ጎረቤትን የሚያውክ እንስሳ» ይከለክላል። የእኔ ቡቺ የተረፈችው «የሚያውክ» በምትለው ቃል ነው።

ቃለ ጉባኤውንም ጠይቁ። ክልከላው በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ተሰጥቶበታል ወይስ ሁለት ሰዎች ቡና ሲጠጡ ወሰኑት? የእኛው ቡና ላይ የተወሰነ ነበር። በጉባኤ የጸደቀ ግልጽ ክልከላ ካለ ግን ክርክሩ አያዋጣም፤ ማሻሻያ በአጀንዳ እንዲያዝ በጽሑፍ አመልክቱ።

ደንቡን ይዤ ከመፎከሬ በፊት ቅሬታው ከማን እንደመጣ አጣራሁ። ከሁለተኛ ፎቁ ሐጂ ነው። እኔ ማታ ከጦሳ ተራራ በኩል ጅብ ሲጮህ ቡቺ በረንዳ ላይ የምታሰማው ጩኸት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ሐጂ ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ውዱእ አድርገው (ታጥበው) ሲወርዱ ቡቺ ደረጃው ላይ ትዘልባቸዋለች፣ ልብሳቸውን ትልሳለች። ለእሳቸው የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነው፤ የነካውን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ማጠብ አለባቸው። በጨለማ፣ በደሴ ብርድ! አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ቡቺን የማወጣት እሳቸው ከመስጊድ ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ማሰሪያዋን አሳጥሬ፣ እሷን በግድግዳው በኩል አድርጌ። ማታ ደግሞ በረንዳው ይዘጋል። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፣ «ውሻዋን ጠልቼ መሰለሽ?»

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ አስከትቡ፣ ካርዱንም ለኮሚቴው አሳዩ። «አምልጣኝ ነው» የሚል ምክንያት አያድናችሁም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 እንስሳው በድንገት አምልጦ ላደረሰው ጉዳትም ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል።

ጉዳዩ ለሚታይበት የማኅበሩ ስብሰባ ሦስት መስመር የደንብ ረቂቅ ጽፌ ሄድኩ፦ በማሰሪያ ትወጣለች፣ ትከተባለች፣ ያቆሸሸችውን ባለቤቷ ታጸዳለች። ባዶ እጁን የሄደ ሰው የሌላውን ረቂቅ ይፈርማል። ለአረፋና ለፋሲካ ደረጃ ሥር ታስሮ ሌሊቱን ሲጮህ ስለሚያድረው በግም ላነሳ ነበር፤ ሐጂ በዓይናቸው ዝም አሰኙኝና ረቂቁን ራሳቸው ደገፉት። ሲጸድቅ ማኅተም ያለበትን የቃለ ጉባኤ ቅጂ ሳትይዙ ወደ ቤት አትግቡ፤ ኮሚቴ ይቀየራል።