የውሃ ኤሊን በወሎ ብርድ እንዴት ማሳደግ ይቻላል

ደሴ ላይ የውሃ ኤሊ ለሚያሳድግ ሰው ዋናው ጣጣ ምግብ ሳይሆን ብርድ ነው። ኤሊ የራሷን ሙቀት አታመነጭም። ውሃው ሲቀዘቅዝ የበላችው አይፈጭላትም፤ ሰንብቶ ደግሞ ሳንባዋ ይታመማል። ኮምቦልቻ ላይ የሚበቃ ዝግጅት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተወጥቶ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትገኘው ደሴ አይበቃም።

መኖሪያዋን ስታዘጋጁ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር የቅርፊቷ ርዝመት 15 ሊትር ውሃ አስቡ። ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት የተለመደችው የቤት ኤሊ ትንሽ ሆና ብትገዛም፣ ሴቷ እስከ 25 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ታድጋለች። የመስታወት ገንዳ ውድ ስለሆነ ቁመቱን ለሁለት የተሰነጠቀ ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ለጅምር ይሻላል፤ ኬሚካል የነበረበት ግን በፍጹም አይሆንም። ጥልቀቱ ከቅርፊቷ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ አይነስ። ያለዚያ ስትገለበጥ መዞር ያቅታትና ትሰጥማለች። በአንድ ጎን ወጥታ ሙሉ በሙሉ የምትደርቅበት የማይነቃነቅ ድንጋይ ይቀመጥ።

የቧንቧ ውሃ አፈ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አንድ ቀን ይደር፣ ክሎሪኑ ይወጣለታል።

ውሃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ መሞቂያ ድንጋዩ ደግሞ ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ይሁን። በእጅ ዳስሶ መገመት ያሳስታል፤ ቴርሞሜትር ግዙ። ለ100 ሊትር ውሃ በደሴ ቤት 200 ዋት ማሞቂያ ያስፈልጋል። ማሞቂያውን በተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ክተቱት፣ ኤሊዋ መትታ ትሰብረዋለችና። ውሃ ከመቀየራችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። መብራት ጠፍቶ ውሃው ጎድሎ ሳለ መብራት ከመጣ፣ ከውሃ ውጭ የጋለው የማሞቂያው መስታወት ይሰነጠቃል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ የተሞሉ ሃይላንዶች ክዳናቸው በደንብ ተዘግቶ ገንዳው ላይ ይንሳፈፉ፤ ሲቀዘቅዙ ይቀየሩ። የፈላ ውሃ ቀጥታ መጨመር ግን አደገኛ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ፀሐይ ላይ ነው። ገንዳውን መስኮት ሥር ማስቀመጥ ብርሃንና ሙቀት ይሰጣል፤ ለአጥንትና ለቅርፊት የሚያስፈልገውን ጨረር ግን መስታወቱ ያስቀረዋል። ጨረሩን ያላገኘች ኤሊ ካልሲየም ብትበላም ቅርፊቷ ይለሰልሳል። ስለዚህ ጠዋት ውርጩ ካለፈ በኋላ ደጅ አውጧት፣ ግማሹ ጥላ በሆነ ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ትቆይ። አጠገቧ ሁኑ፤ ትንሽ ሳፋ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይግላል፣ ጥላ ከሌለ ትሞታለች፣ ጭልፊትና ድመትም አሉ። በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ጭጋግ ፀሐይ ስለሚከለክል ይህን ጨረር የሚሰጥ የተሳቢ እንስሳት ዩቪቢ አምፖል የግድ ነው። ጨረሩ ከብርሃኑ ቀድሞ ስለሚደክም፣ ቢበራም በዓመት አንዴ ይቀየር።

ትንሿ በየቀኑ፣ ትልቋ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ የጭንቅላቷን ያህል ትብላ። ትናንሽ ዓሣ ከነአጥንቱ ተከትፎ፣ የምድር ትል፣ ጎመንና ካሮት ይስማሟታል። ጥሬ ሥጋ ብቻ መስጠት ካልሲየም ያሳጣታል፤ ቆስጣም ካልሲየሙን ስለሚይዝባት አይዘወተር። በሌላ ሳፋ ብትመግቧት ገንዳው ቶሎ አይቆሽሽም። ማጣሪያ ከሌለ በሁለት ቀን አንዴ ግማሹን ውሃ ቀይሩ።

ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ከዋኘች፣ ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች የሳንባ ሕመም ነውና ሳትውል ሳታድር ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። የዓይን ማበጥ ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው።

ኤሊ ሳልሞኔላ የተባለ፣ ሰውን ተቅማጥ የሚያሲዝ ባክቴሪያ ትሸከማለች። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ገንዳዋንም ዕቃ የምታጥቡበት ቦታ አትጠቡት። ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ካለ ኤሊ ባይገባ ይመረጣል።

ከሐይቅና ከወንዝ ኤሊ አታምጡ። ማሳደግ ካቃታችሁም በአካባቢው ወዳሉት የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች አትልቀቋት። ከውጭ የመጣችዋ ዝርያ በሄደችበት የአገሬውን ኤሊ ምግብና መሞቂያ ቦታ ትሻማለች፤ ስለዚህ ገንዳና ማሞቂያ ላለው ሰው ስጧት።